ቆሎና ንፍሮ

የዛሬ ሦስት ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። የሕጽበተ እግሩ ሥርዓት አልቆ፣ ተቀድሶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ጉልባን ቀረበ። የባቄላ ክክ፣ ስንዴና ሽምብራ አብሮ ተቀቅሎ፣ ጨው ብቻ ጣል ተደርጎበት። ዘይት የለው፣ በርበሬ የለው።

ያኔ 89 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ሐኪም «ስኳርሽ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ ክብደትሽን ካልቀነስሽ ወደ መድኃኒት መሄዳችን ነው» ካለኝ ሦስት ወር ሆኖኛል። በእነዚያ ሦስት ወራት ያልሞከርኩት የለም። እንጀራ ጨርሶ አቆምኩ። እራት ዘለልኩ። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ በሎሚ ጠጣሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ በፓፓያና በሐብሐብ ብቻ ኖሬያለሁ። ሁሉም አንድ ቦታ ያደርሰኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ እነቃለሁ፤ ሆዴ ይጮኻል፤ ቀስ ብዬ ወደ ኩሽና እሄዳለሁ። ጨለማ ውስጥ ቆሜ የበላሁትን ዳቦ አስታውሰዋለሁ። የበላሁበትን ኀፍረትም አስታውሰዋለሁ።

ያን ዕለት ግን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጉልባን በልቼ ተኛሁ። ሌሊት አልነቃሁም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ምግብ አልነበረም። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ በጉልበቷ ሳለች በየዓመቱ ጉልባን ቀምሳ እስከ ትንሣኤ ታከፍል ነበር። ሁልጊዜ ጽናቷ ይገርመኛል። ጽናቱ የራሷ ነው፣ የእምነቷ ነው። ጉልባኑም ግን የራሱን ድርሻ ሳያበረክት አልቀረም ብዬ ያሰብኩት ያን ጠዋት ነው።

ለፋሲካ ቆይቼ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ እናቴ እንደ ልማዷ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ትንሽ ኦቾሎኒ። ቆሎ የቢሮ ጓደኛዬ ነው። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ኬክና ብስኩት የሚበሉትን እያየሁ «እኔ ጤናማውን ነው የምበላው» እል ነበር። ደግሞም እውነት ነው፣ ቆሎ መጥፎ ምግብ አይደለም። ግን መንገድ ላይ እየዘገንኩ ስቆረጥም አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ጉልባኑ ውስጥ ያለውም ሽምብራ፣ እዚህ ከረጢት ውስጥ ያለውም ሽምብራ። ያኛው ለምን ሌሊቱን ሙሉ ያዘኝ? ይሄኛው ለምን ሸኖ ሳልደርስ ግማሹ አለቀ?

ቤት ስገባ የኩሽና ሚዛን ገዛሁ። በሕይወቴ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ በጣም የጠቀመኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ከ360 ካሎሪ በላይ አለው። ሲቆላ ያለችውም ትንሽ ውሃ ትወጣለች። ያው ሽምብራ ተዘፍዝፎ ሲቀቀል ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይከብዳል። 100 ግራም ንፍሮ 160 ካሎሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ለሁለት እፍኝ ቆሎ የምከፍለውን ካሎሪ ወደ ንፍሮ ብቀይረው ሳህን ይሞላል። እህሉ ያው ነው። ልዩነቱ ውሃ ነው።

ሆዳችን ካሎሪ መቁጠር አይችልም። የጨጓራ ግድግዳ ሲለጠጥ ነርቮች ለአእምሮ ይነግራሉ። ምግቡ ወደ አንጀት ሲወርድ ደግሞ ሌሎች መልእክቶች ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ይባላል። ቆሎ በ20 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘገን ሁላችንም እናውቃለን። ወሬ ካለ ደግሞ እጅ ራሱ ነው የሚሄደው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሱዛና ሆልት የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ፣ 38 ዓይነት ምግቦችን ፈትነዋል። ሁሉንም በ240 ካሎሪ ልክ አቅርበው፣ ሰዎቹ በቀጣዮቹ ሁለት ሰዓታት ምን ያህል እንደጠገቡ እየጠየቁ መዘገቡ። ነጩን ዳቦ 100 ብለው መነሻ አደረጉት። አንደኛ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቅቅል ድንች። 323 አገኘ። መጨረሻ የወጣው ክሯሳን ነው፣ 47። ይህን ሳነብ ብዙ አዘንኩ። ምክንያቱም «ድንች ያወፍራል» ተብዬ ድንችን ከቤቴ ካባረርኩ ቆይቻለሁ። ድንቹ ላይ ግን ምንም ጥፋት አልነበረም። 100 ግራም ቅቅል ድንች 90 ካሎሪ አይሞላም። ያው ድንች በስሱ ተቆርጦ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ውሃው በንኖ ቺፕስ ሲሆን 100 ግራሙ ከ500 ያልፋል። የቆሎና የንፍሮ ታሪክ ነው፣ ዘይት ተጨምሮበት።

ሌላዋ አሜሪካዊቷ ባርባራ ሮልስ ነች፣ በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው አንድ ጥናት 24 ሴቶች ከምሳ በፊት የሚቀመስ ነገር ተሰጣቸው። አንድ ቀን የዶሮና የሩዝ ምግብ ብቻውን። አንድ ቀን ያው ምግብ ከብርጭቆ ውሃ ጋር። አንድ ቀን ደግሞ ያው ምግብና ያው ውሃ አንድ ላይ ተሠርቶ፣ ሾርባ ሆኖ። ሾርባውን የጠጡ ዕለት ምሳቸውን ወደ 100 ካሎሪ ያህል ቀንሰው በሉ። እራት ላይም አላካካሱትም። ውሃውን ለብቻው በብርጭቆ የጠጡት ዕለት ግን ለውጥ አልታየም። ውሃው ምግቡ ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከምግብ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ እየጠጣሁ ለምን እንደሚርበኝ ግራ ሲገባኝ ነበርና።

ከዚያ ወደ ራሴ ኩሽና ተመለስኩ። መጀመሪያ ያየሁት ዘይቱን ነው። ይህን ረጋ ብዬ ልናገረው፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ያለ ይመስለኛል።

ያኔ እኛ ቤት አራት ነበርን። ባለ 5 ሊትሩ ዘይት በ25 ቀን ያልቃል። «ዘይት ተወደደ» እያልን እናማርራለን፣ መጠኑን ግን አይቼው አላውቅም። ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። 5 ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። የእህሉ ካርቦሃይድሬትም ሆነ ፕሮቲኑ 4 ብቻ ነው። ሲባዛ 41,000 ካሎሪ አለፈ። ለ25 ቀን፣ ከዚያም ለአራት ሰው ሳካፍለው ለአንድ ሰው በቀን ከ400 ካሎሪ በላይ መጣ። ያውም አንዷ ትንሽ ልጅ ነች። የእኔ ድርሻ ከዚህም በላይ ነበር። እንጀራውን አልቆጠርኩም። ምስሩን አልቆጠርኩም። ዘይቱን ብቻ።

አንድ ኪሎ ጥቅል ጎመን 250 ካሎሪ ገደማ አለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትም ያው 240 ነው። አንድ ኪሎ ጎመን ቁጭ ብሎ የሚጨርስ ሰው አላውቅም። ሁለት ማንኪያ ዘይት ግን አንድ ጭልፋ ወጥ ውስጥ ተደብቆ ይገባል።

በጾም እከሳለሁ ብዬ ስንት ሁዳዴ ጠበቅሁ። 55 ቀን። ስጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ሁለት ኪሎ ጨምሬ እገኛለሁ። አሁን ሳስበው ግልጽ ነው። የጾም ምግባችን ከዓለም ምርጥ ምግቦች አንዱ ነው፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ቀይ ስር፣ ፎሶሊያ። ሰው ለመጥገብና ለመቅለል የሚፈልገው ሁሉ እዚያ ትሪ ላይ አለ። እኛ ግን ቅቤ የቀረብንን ያህል በዘይት እንክሰዋለን። ወጡ ላይ ዘይቱ ካልተንሳፈፈ ባለሙያ የሠራው አይመስለንም። መክሰሱ ደግሞ ሳምቡሳና ፓስቲ ነው።

እናቴን ስለዚህ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ድሮ ስንት ዘይት ነበር የምትጨምሪው?» አልኳት በስልክ። ሳቀች። «የኑግ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ነበር የሚገዛው ልጄ። ከቀበሌ ሱቅ ሲመጣም በወረፋ ነው። ለድስቱ ሙሉ አንድ ማንኪያ ነው።» «ታዲያ ሽንኩርቱ አያርም?» «ምን ያሳርረዋል? በራሱ ውሃ ይቁላላ። ሲደርቅብሽ ውሃ ጠብ አድርጊ። ዘይት እኮ ቁሌቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚገባው።»

ይህን ሙያ ታውቀዋለች፣ እኔም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት የራሳችን ጥበብ ነው። መቼ እንደተውኩት አላውቅም። ምናልባት ከሥራ ስመጣ ስለሚደክመኝ፣ ዘይት ሲበዛ ቶሎ ስለሚደርስ ይሆናል። መለስኩት። ሽንኩርቱን አበዛሁ፣ እሳቱን ቀነስኩ፣ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁ። ዘይቱን ከጄሪካኑ ማንቆርቆር ትቼ በማንኪያ ለካሁ፤ ለድስቱ ሦስት ማንኪያ። ጨርሼ አላወጣሁትም። የጎመንና የካሮት ቫይታሚን ኤ ወደ ሰውነት ለመግባት ትንሽ ስብ ይፈልጋል። ደግሞ ጭራሽ ያለ ዘይት የተሠራ ወጥ ባለቤቴ አይበላም፤ እኔም አልበላም። አሁን 5 ሊትሩ ሁለት ወር ይጠጋል።

ሁለተኛው ነገር ትሪው ነው። ድሮ አንድ እንጀራ ተዘርግቶ ወጡ መሐል ላይ ጠብ ይላል። እንጀራ ብዙ፣ ወጥ ትንሽ፣ አትክልት ለዓይን። ገለበጥኩት። ለራሴ ግማሽ እንጀራ። የቀረውን ቦታ ጎመን፣ ዱባ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ሰላጣና ቲማቲም ሞላው። መሐል ላይ ምስር ወይም ሽሮ። የፍስክ ቀን ከሆነ ጎመን ባይብ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ከብዙዎቹ የአይብ ዓይነቶች የቀለለ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን አለ። ትሪው ከበፊቱ ትልቅ ይመስላል። እውነትም ትልቅ ነው። ያልተራብኩት ለዚህ ነው።

እንጀራን ግን ከጠላትነት አወጣሁት። ብዙ ሰው ክብደት መቀነስ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያባርረው እንጀራን ነው፣ እኔም እንደዚያው። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ዳቦ እንዲህ አይደለም። ደግሞ ያለ እንጀራ የኖርኩባቸው ሳምንታት ከቤተሰቤ ተለይቼ የኖርኩባቸው ናቸው። ለብቻዬ ሳህን፣ ለብቻዬ ሹካ። ልጄ «እማ፣ አንቺ ለምን ከእኛ ጋር አትበይም?» ያለችኝ ቀን ልቤ ተሰበረ። ከትሪው የሚያርቅ ነገር እኔ ጋ አይበረክትም።

ቡናውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በአቦል፣ ሦስት በቶና፣ ሦስት በበረካ። ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር 150 ካሎሪ ገደማ ነው፣ በየቀኑ። ወደ አንድ ማንኪያ ለመውረድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። የቡና ቁርሱ ፈንዲሻ ሲሆን ደስ ይለኛል፣ በአየር የተሞላ ነው። ስኳርና ዘይት ካልበዛበት።

የከበደኝ ምግቡ አይደለም። ሰው ነው። እኛ ሀገር መወፈር «ተስማምቶሻል» ነው። መክሳት «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ነው። አምስተኛው ኪሎ ላይ ጎረቤቴ በር ላይ አቁማኝ እጄን ይዛ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልቆጣት አልቻልኩም። የእሷ ትውልድ መክሳትን የሚያውቀው በበሽታና በችግር ነው። አልጋ የያዘ ወንድም አስታማለች። የ1977ን ድርቅ ታስታውሳለች። አስገብቼ ቡና አፈላሁላት፣ ሁሉንም ነገርኳት። የስኳሬን ውጤት አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ ለሠፈሩ የምታስረዳልኝ እሷ ናት።

ጉርሻን አልከለከልኩም። እናት ስታጎርስ አፍ አይዘጋም። ሠርግና ክርስትና ላይም እበላለሁ። የወንድሜ ሠርግ ሳምንት ሁለት ኪሎ ጨምሬ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ንፍሮዬ ተመለስኩ፣ ሁለቱ ኪሎ ለመውረድ አንድ ወር ፈጀ። 89 የነበረው 75 ለመሆን 14 ወር ነው የወሰደው። በወር አንድ ኪሎ ማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ ያላለበት ጊዜም ነበር። ሐኪሜ ስኳሬን ሲያይ «በዚሁ ቀጥዪ» አለኝ፣ መድኃኒት አልጀመርኩም። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ካላችሁ ግን አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ። ምግቡ ሲቀንስ መድኃኒቱ ባለበት ከቀጠለ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፣ አደገኛ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ባቄላና ጎመን በአንድ ጊዜ አታብዙ። ሆድ ይነፋል። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ልቀይር ብዬ ተቸግሬያለሁ። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ እህሉን በደንብ ዘፍዝፉ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ባለፈው መስከረም እናቴ አዲስ አበባ መጣች። ትንሹ ልጄ ያኔ ዘጠኝ ወሩ ነበር። (አዎ፣ በመሐል አንድ ልጅ ወልጃለሁ፤ ከነፍሰ ጡርነቴ ጀምሮ ጡት በደንብ እስኪይዝ ድረስ ስለ መቀነስ አላሰብኩም። 14 ወር ያልኩት ያን ጊዜ ሳይጨምር ነው።) ልጁ ክብደቱ አልጨመር ብሎ አሳስቦኛል። ጤና ጣቢያ ስወስደው ነርሷ ምን እንደማበላው ጠየቀችኝ። አጥሚት፣ የአትክልት ሾርባ፣ የተፈጨ ዱባ አልኳት። በኩራት ነው የነገርኳት። በጸጥታ አዳመጠችኝና «ይሄ ላንቺ ጥሩ ነው፣ ለእሱ ግን ውሃ ነው» አለች። የሕፃን ጨጓራ ትንሽ ነች። በቀጭን ነገር ከሞላች የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ይጠግባል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን፣ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት፣ እንቁላል ይጨመርበት አለችኝ። እኔን ያዳነኝ ነገር ልጄን ሊጎዳው ነበር። ሥራው አንድ ነው። ሆድን በትንሽ ካሎሪ መሙላት። እኔ ላይ መድኃኒት፣ እሱ ላይ ረሃብ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እሳቱን እያየች «እኔም ሽሮውን አቀጥን ነበር» አለች። «ሰባታችሁም ጠግባችሁ እንድትተኙ። ስትበሉ ትጠግባላችሁ። ሌሊት ግን ትነቃላችሁ። አንቺም ትነቂ ነበር።»

አላስታውስም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላስታውስም። እሷ ግን ታስታውሳለች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ ዳቦ ፍለጋ ኩሽና ስገባ ስለነበረው ጊዜ ነግሬያት አላውቅም። ያን ዕለት ነገርኳት። ሁለታችንም ብዙ አላወራንም።

በነጋታው ጠዋት ስነሳ ኩሽናው በእንፋሎት ተሞልቷል። ማታ ስንዴና ሽምብራ ዘፍዝፋ ኖሯል። ድስቱን አውርዳ ውሃውን አጠለለች። ከዚያ ትንሽ ሳህን አነሳችና ከንፍሮው ጨልፋ ልጣጩን በጣቷ እየገፈፈች አደቀቀችው፣ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ጣል አድርጋ አሸችው። «ይሄ የማሙሽ ነው» አለች። ለእኔ በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ሞላችልኝ፣ ሚጥሚጣና ጨው ነሰነሰችበት። ቅቤውን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ልጁን አቅፋ ቁጭ አለችና በማንኪያ ጫፍ ማጉረስ ጀመረች። እኔም ሳህኔን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።